በአልኮል ያጠፋኋት ክብ

እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሆነች» ብላ ስላወራች፣ እሑድ ጠዋት በራችንን የሚያንኳኳ አይጠፋም። አንዱ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፣ አንዷ የልጇን ሳል ይዛ። እኔ ደግሞ እንኳን ሰው ላክም፣ ደም ሳይ የሚያዞረኝ ነኝ። «የባዮፊዚክስ ዶክተር ነኝ» ስላቸው በሐዘኔታ ያዩኛል፤ የማይድን በሽታ የያዘኝ ይመስላቸዋል።

እማዬ ግን ሥራዬን ከእኔ አሳምራ ታስረዳለች። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ «በሰው ገላ ውስጥ ኩሊ አለ አሉ» ትላቸዋለች። «ዕቃ ተሸክሞ በክር ላይ የሚሄድ። የእኔ ልጅ የዚያን ኩሊ ጉልበት ነው የምትለካው።»

እውነቷን ነው። በሴል ውስጥ በቀጭን ክር ላይ እየተራመደ ዕቃ የሚያጓጉዝ ፕሮቲን አለ። እኛ በዓይን የማትታይ የፕላስቲክ ዶቃ እናጣብቅበታለን፤ ዶቃዋን ደግሞ በሌዘር ብርሃን እንይዛታለን። ፕሮቲኑ ወደፊት ይጎትታታል፣ ብርሃኑ ወደ ኋላ ይስባታል። ደክሞት የቆመበት ቦታ ላይ ኃይሉን እናሰላለን። ስሌቱ ውስጥ የዶቃዋ ውፍረት ስለሚገባ፣ የዶቃዋን ልክ ያላወቀ ሰው የኩሊውን ጉልበት አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ያዋረደችኝ እሷ ናት።

ላብራቶሪያችን ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ውጭ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ዶቃዋ ስለምትንቀጠቀጥ፣ ማይክሮስኮፑ የተቀመጠው በታመቀ አየር ላይ በሚንሳፈፍ የብረት ጠረጴዛ ላይ ነው። በሩ ላይ «እባክዎ ቀስ አድርገው ይዝጉ» የሚል ወረቀት አለ። ያስለጠፉት ፕሮፌሰራችን ናቸው፤ በሩን ጓ አድርገው የሚዘጉትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያንን ጠረጴዛ የተከሉት፣ ሌዘሩን ያሰሩት፣ ሌንሱን ያስተካከሉት ቴክኒሺያናችን ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ምድር ቤት ሠርተዋል። የጋዋናቸው ኪስ በብሎን የተሞላ ስለሆነ ከማየታችን በፊት ሲንቃጨሉ እንሰማቸዋለን፤ ስለዚህ ጋሽ ብሎን እንላቸዋለን፣ በፊታቸውም ጭምር። እኔ ዶክትሬቴን ጨርሼ በሁለት ዓመት ኮንትራት ስገባ መፍቻ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ውድ ሌንስ ጥዬ ሰበርኩ፤ ሄጄ ነገርኳቸው። ስብርባሪውን ጠረጉና «የኔ ልጅ፣ የሰበረ ሰው ጎድቶን አያውቅም። የሚጎዳን የደበቀ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

ክቧንም የሣሉት እሳቸው ናቸው። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ፣ ዶቃዋ ተይዛ የምትታይበት ቦታ ላይ፣ በጥቁር ማርከር አንዲት ትንሽ ክብ ሠርተው ነበር። ትክክለኛዋ ዶቃ ስትያዝ ክቧን ልክ ትሞላታለች። «ከሰፋች ወይ ከጠበበች፣ ወይ ሌንሱ ተነክቷል ወይ ዶቃዋ ሌላ ናት። ሥራ አቁሙና ጥሩኝ» ይሉ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጻፈው ሕግ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ፍሪጃችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዶቃ ነበረ፤ አንዱ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ የሚሆን፣ ሌላው ከዚያ በአንድ አምስተኛ የሚያንስ። ዶቃው የሚመጣው በአፈ ሰፊ ብልቃጥ ነው፤ ሲቀዳ ይፈስሳል። እኔ አንዲት አፈ ሹል ብልቃጥ ነበረችኝ፤ ጠብታ በጠብታ የምታወጣ፣ ለእጄ የምትመች። ባለቀች ቁጥር አጥቤ ከትልቁ እሞላባታለሁ። አንድ ቀን ተቻኩዬ ከፍሪጁ ያገኘሁትን አንስቼ ገለበጥኩባት። አላነበብኩም። የገለበጥኩት ትንሹን ዶቃ ነበር፤ የብልቃጧ ልጥፍ ግን የትልቁን ልክ ይናገራል። ኮምፒውተሩ የዶቃውን ውፍረት ሲጠይቀኝ ልጥፉን እያየሁ እሞላለሁ፤ እሱም አምኖኝ ያሰላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩሊዬ ጉልበተኛ ሆነ። ዓለም ሁሉ ከለካው በሩብ የሚበልጥ ኃይል አወጣ። ፕሮፌሰሩ ቁጥሩን ሲያዩ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ያን አድርገው አያውቁም። «ይሄ ከጸና የኮንትራትሽ ነገር አያሳስብሽ» አሉኝ። ኮንትራቴ ሊያልቅ አሥር ወር ቀርቶት ነበር። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ዛሬ ሳስበው ያስጠላኛል።

በዚያው ሰሞን ሁለት እንግዳ ተመራማሪዎች ሊያዩን መጡ። እኔ እያሳየኋቸው ጋሽ ብሎን ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ያዩ ነበር።

«የኔ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዶቃዋ ክቧን አልሞላችም እኮ።»

እንግዶቹ ዞር አሉ። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ዶቃ የሚለካው በሂሳብ ነው፤ በማርከር አይደለም» አልኩ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ብሎን ፈገግ አሉና «ዓይኔ ደክሞ ይሆናል» ብለው ብሎኖቻቸውን እያንቃጨሉ ወጡ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ተመልሼ አየሁ። ክቧ፣ ልክ ያልሆነ ጫማ እግርን እንደሚሰፋው፣ ዶቃዋን ሰፍታት ነበር። አየሁ እያልኳችሁ ነው። ቁጥሬ ያማረ ስለነበር ማየት አልፈለግሁም። ወረቀት በአልኮል አርሼ ክቧን ጠረግኋት። ሁለት ጊዜ ሳሻት ጠፋች።

በዚያ ቁጥር ላይ የጻፍነው ጽሑፍ ታተመ። በትልቁ አዳራሽ ንግግር አደረግሁ። እማዬ አዲስ ጫማ ገዝታ መጣች፤ ጫማው እያሰቃያት፣ ከንግግሬ አንድ ቃል ሳይገባት፣ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀምጠው ስላይዱን የሚተረጉሙላት ጋሽ ብሎን ነበሩ። ከመድረኩ ላይ ሆኜ ሁለቱን አያቸው ነበር።

ጽሑፉ በታተመ በሦስተኛው ወር ሌላ አገር ካለ ላብራቶሪ ደብዳቤ መጣ። ያንኑ ልኬት አምስት ጊዜ ሞክረው አምስቱንም ጊዜ የድሮውን ቁጥር አግኝተዋል። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የጨዋ ጥርጣሬ ግን ከስድብ ይብሳል። ፕሮፌሰሩ በሰኞው ስብሰባ ላይ ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለፈው ዓመት መሣሪያው ላይ የተለወጠ ነገር አለ?»

ዘጠኝ ሰው አየኝ። ምላሴ ከእኔ ቀደመ። «ጋሽ ብሎን የሌዘሩን አንድ መስታወት ቀይረው ነበር» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ይሆናል የተዛባው።»

«ሲቀይሩ ነግረውሻል?»

ነግረውኛል። በሥራ ደብተሩም ጽፈዋል። ከቀየሩ በኋላ መሣሪያውን የፈተንኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ምንም አልነበረውም። «አላስታውስም» አልኩ። አላስታውስም ማለት ውሸት አይመስልም፤ ውሸታሞች የምንወደው ለዚህ ነው።

በእኛ ቤት ቴክኒሺያን ስብሰባ አይገባም። ስለዚህ ጋሽ ብሎን መልስ የሚሰጡበት ወንበር አልነበራቸውም። ፕሮፌሰሩም ደብተሩን ገልጠው አላዩም፤ የተናደደ ሰው የሚፈልገው ስም ነው። በሳምንቱ ጋሽ ብሎን ወደ ወንበርና በር ጥገና ክፍል ተዛወሩ። ወሬው ደረጃውን ወርዶ ዘበኞቹ ጋ ደረሰ፤ የበሩ ዘበኛ ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደሩ፣ መስታወት ሰባሪው» ይላቸው ጀመር። ቀልድ ነው፣ ክፋት የለውም። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ።

የመጨረሻ ቀናቸው ላይ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አስረከቡኝ። የትኛው መፍቻ የትኛውን ብሎን እንደሚይዝ፣ የአየር ጠረጴዛው አየር ሲያፈስ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ብቻ «የኔ ልጅ» አላሉኝም፤ «ዶክተር» አሉኝ። ቁልፉን ተቀበልኩ። አፈር በበላሁ ይሻለኝ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ስለ ብልቃጧ አላውቅም ነበር፤ ይህን ለራሴ ጥብቅና ብዬ አይደለም የምናገረው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አፈ ሹሏ ብልቃጥ አለቀች። እንደ ልማዴ አጥቤ ከፍሪጁ አፈ ሰፊውን አነሳሁ። እጄ ከየት መደርደሪያ እንደሚያነሳ ያውቅ ነበር። በዚህኛው ቀን ግን አነበብኩት። ትንሹ ዶቃ ነው። ክዳኑ ላይ «ተከፈተ» የሚል ቃልና ቀን ተጽፏል፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ። ቀኑ ጉልበተኛው ቁጥር የጀመረበት ቀን ነው። በአእምሮዬ አሰላሁት፤ ሩቡ ልክ ወጣ። ፍሪጁ እንደተከፈተ ይጮኻል።

ወዲያው ሄጄ ተናገርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ብልቃጡን ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ጊዜ ካለፈባቸው ኬሚካሎች ኋላ ደበቅሁት። ጽሑፉ ከተሻረ ኮንትራቴ እንደሚሻር አውቃለሁ፤ ካልተሻረ ደግሞ ጋሽ ብሎን በር እያስተካከሉ ጡረታ እንደሚወጡ አውቃለሁ። በየቀኑ ዓይኔን በጨው አጥቤ እገባለሁ፣ እለካለሁ፣ ምሳ እበላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

ያናገረኝ የእናቴ ጥያቄ ነው። አንድ ቅዳሜ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከልኩላት «እኚያ ጋሽ ብሎን ደህና ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው። ምነው?»

«አዳራሹ ውስጥ ጠይቄያቸው ነበር። ልጄ እውነት ጎበዝ ናት ወይስ እናቷ ስለሆንኩ ነው የሚያሞግሱልኝ አልኳቸው።» ስፒሉን ከአፏ አወጣች። «"እመቤት፣ እዚህ ቤት ብዙ ብልህ ሰው አይቻለሁ" አሉኝ። "እሷን ግን የምወዳት ስታጠፋ መጥታ ስለምትናገር ነው።"»

እንባዬ ዩኒፎርሙ ላይ ወረደ። እማዬ መኪናውን አቁማ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ክቧንም፣ ሳቁንም፣ «አላስታውስም» ማለቴንም። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል» አለች በመጨረሻ። «ጨርቁ ይጎዳል፣ ግን ይተረተራል። እኔ ያሳፈረኝ ስፌቱ አይደለም።» እና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰኞ ሁለቱን ብልቃጦችና የሥራ ደብተሩን ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተናገርኩ። መስታወቱ ምንም እንዳልነበረው፣ ጋሽ ብሎን ነግረውኝ እንደነበር፣ እኔ ዋሽቼ እንደነበር። ፕሮፌሰሩ ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፌን አነበቡት። «ስንት ቀን ሆነሽ ካወቅሽ?» አሉ። «ሃያ አንድ» አልኩ። በአሥራ ዘጠኙ ላይ ቅዳሜና እሑድን ጨምሬ ነው፤ ቢያንስ እዚህ ላይ ልክ ልሁን ብዬ። ፕሮፌሰሩ ወጥተው ሄዱ። በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አድርገው ዘጉት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥገናው ክፍል ወረድኩ። ጋሽ ብሎን የአዳራሹን ወንበሮች ገልብጠው እግራቸውን ያጠብቃሉ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ቀና አላሉም።

«ዶቃዋ ክቧን እንዳልሞላች እርስዎ አይተው ነበር» አልኩ። «ለምን ደግመው አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አሉ። «ሳቃችሁ።»

ብሎን አነሱ፣ አጠበቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ ግን መሬቱ ሲሚንቶ ነበር።

«ዛሬ ስብሰባው ላይ ጥፋቴን አምኛለሁ» አልኩ። «ፕሮፌሰሩም፣ ሁሉም ሰምተዋል። ስምዎን አጽድቻለሁ።»

አሁን ቀና አሉ። «እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፣ ዶክተር። እኔን መስታወት ሰባሪ የሚሉኝም እዚያ አይገቡም።»

ገባኝ። ለፕሮፌሰር ጥፋትን ማመን የተማረ ሰው ወግ አለው፤ በወረቀት ይመጣል፣ በወረቀት ይሄዳል። እሳቸው ግን የተዋረዱት ሌላ ቦታ ነው። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ወደ ሠራተኞች ምሳ ክፍል ገባሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም፤ እኛ የምንበላው ላይኛው ፎቅ ነው። ዘበኞች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ጋሽ ብሎን ጥግ ላይ። የምሳ ዕቃ ክዳን ድምፅ አንድ በአንድ ቆመ።

የአዳራሹን ንግግር ሦስት ሳምንት ተለማምጄ ነበር ያደረግሁት። ይህንን ምንም አልተለማመድኩም። «ጋሽ ብሎን ምንም አልሰበሩም» አልኩ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሳቸው በዓይናቸው አይተው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ በሰው ፊት ሳቅኩባቸው። ኋላ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ አላከክሁ። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ በእናንተ ፊት እለምናለሁ።»

የበሩ ዘበኛ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እንግዲህ እኔም ይቅርታ ልበል መሰለኝ» አለ፣ ሳህኑን እያየ። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ «ቁጭ በይ እንጂ፣ ቆመሽ ትቀሪያለሽ» አለችኝ። ባዶ ወንበር አልነበረም። ጋሽ ብሎን ምሳ ዕቃቸውን ከደኑ፣ ተነሱ፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «እኔ ጨርሻለሁ» ብለው ወጡ። ምሳቸው ግማሽ ነበር። ይቅር ብለውኝ ነው ወይስ ከእኔ ጋር መቀመጥ አልፈለጉም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተቀመጥኩበት።

ጽሑፉ ተሻረ። የሻርኩበትን ምክንያት ስድስት ጊዜ አርሜ በስሜ አወጣሁት። ፕሮፌሰሩ ኮንትራቴን ሊተዉት ነበር፤ ኋላ ያበላሸሁትን አስተካክዬ እንድወጣ ስድስት ወር ጨመሩልኝ። በትክክለኛው ዶቃ እንደገና ለካሁ። ኩሊው የዓለም ሁሉ ኩሊ ሆነ፣ አንዲት ነጥብ አልጨመረም። እማዬ ለጎረቤት «ተጣርቶ ሲታይ ጉልበቱ እንደ ጓደኞቹ ነው አሉ» ብላ አስረዳች።

ጋሽ ብሎንን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ወርደው እንዲመለሱ ለመኗቸው። እምቢ አሉ። «ወንበር ስጠግን ማንም አይስቅብኝም» አሏቸው። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲነግሩኝ መስኮት የሌለውን ግድግዳ ያዩ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን መጡ። በምሳ ሰዓት ብቻዬን ስሠራ ኮሪደሩ ላይ ብሎኖቹን ሰማሁ። ገብተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ።

«የትኛው ዶቃ ነው ያለው?»

«ትልቁ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«አራተኛ እናንብበው» አሉ። ብልቃጡን ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ማርከር ከኪሳቸው አወጡ። ክቧን በድሮ ቦታዋ ሣሏት፤ አልተጣመመችም። ማርከሩን ከደኑት፣ ስክሪኑ ሥር አስቀምጠው ሄዱ። አመሰግናለሁ ያልኩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

አሁን የቀረኝ ሁለት ወር ነው። ስክሪኑን ሳጸዳ አልኮል የነካ ወረቀት በጣቴ ዙሪያ ጠቅልዬ ክቧን እዞራታለሁ። ጠዋት ከሁሉ በፊት አንዲት ዶቃ ይይዛል ሌዘሩ፤ እስክትረጋ እጠብቃለሁ። ክቧን ስትሞላ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አይለኝም፤ ሳቄ ነው የሚሰማኝ፣ ያኔ የሳቅሁት። እሱ እስኪያልፍ እቆይና ሥራ እጀምራለሁ።